«ጤናማ» ብለን ከምናዘው ውስጥ የቱ ይሻላል? ከጎንደር ጁስ ቤት እስከ በርገር ቤት

ጎንደር ላይ «ከእንግዲህ ጤናዬን ልጠብቅ» ያለ ሰው የሚያዘው ነገር የታወቀ ነው፦ በለስላሳ ፈንታ ጁስ፣ በኬክ ፈንታ እርጎ፣ በነጭ ዳቦ ፈንታ ቡናማው፣ በሥጋ በርገር ፈንታ የጾሙ። ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ወረድ ብሎም እስከ አዘዞ፣ ይህን የሚያቀርብ ቤት አይጠፋም። ስማቸው ሁሉ ደህና ነው። ጥያቄው ስሙ ስለማይነግረን ነገር ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የምንፈራውና የሚጎዳን ነገር ተለያይቶብናል። «ኬሚካል አለው» ብሎ የታሸገ ዳቦ የሚመልስ ሰው፣ ዞር ብሎ ስኳሩ የተንጠፈጠፈበትን አቮካዶ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ይጠጣል። ማቆያና ማቅለሚያውን እርሱት አልልም፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ግን ለመጠንቀቅ ያለን ትዕግሥት የተወሰነ ነው፤ ከተወሰነ ደግሞ አብዛኛው ለስኳሩ ይዋል፣ ከስኳሩም በብርጭቆ ለሚመጣው።

መለኪያው የሻይ ማንኪያ ነው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ፣ «ነጻ ስኳር» የሚባለው በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ነው፤ 5 በመቶው 25 ግራም። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 12 ማንኪያ ጣሪያው፣ 6 ማንኪያ ደግሞ የሚመረጠው ነው ብለን እንያዝ። እዚህ ላይ የኛን የሻይ ቤት አቀዳድ አትቁጠሩ፤ እኛ ማንኪያውን ከምረን ነው የምንጨምረው፣ ያ ደግሞ ሁለቱን ሊጠጋ ይችላል።

ነጻ ስኳር የሚባለው ፋብሪካው፣ ምግብ ሠሪው ወይም እኛው የጨመርነው ነው። ማርም፣ ሽሮፕም፣ ተጨምቆ የወጣ የፍራፍሬ ውኃም እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። ሙሉ ፍሬ ነክሰን ስንበላ የምናገኘውና በወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ግን አይቆጠርም።

ማር ላይ ብዙ ሰው ስለሚሟገተኝ እዚሁ ልጨርሰው። ማር አራት አምስተኛው ስኳር ነው። ከስኳር ይልቅ ከባድ ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 6 ግራም የሚጠጋው ስኳር ነው። ለጉሮሮ ሎሚ በማር እሰየው፤ ነገር ግን «ስኳር ትቻለሁ፣ ሻዬን በማር ነው የምጠጣው» ማለት በማንኪያ ስንለካው ትርፍ የለውም።

ጁስ ቤት

ጁስ ቤት ውስጥ ጀርባው የሚነበብ ማሸጊያ የለም፤ የሚነበበው የሠሪዋ እጅ ነው። ስትገቡ ከመፍጫው አጠገብ ያለውን እዩ። ብዙ ቤት ስኳሩን ቀድሞ በውኃ አፍልቶ በጆግ ያስቀምጠዋል። ሲጨመር ውኃ ይመስላል። አቮካዶው መፍጫው ውስጥ ወፍሮ አልዞር ሲል ከጆጉ ትንሽ ይፈስበታል፣ እንደገና ሲጠጥር እንደገና ይፈስበታል፤ እናንተ እያያችሁ ነው፣ ግን የምታዩት ሰው ጁስ ሲያቀጥን ነው። በመጨረሻ ብርጭቆው ዳር ላይ ቀይ መስመር እየሠራ የሚወርደው ቪምቶ ይመጣል። ቪምቶ በውኃ ተበርዞ እንዲጠጣ የተሠራ ሽሮፕ ነው፤ እዚህ ሳይበረዝ ነው የሚፈሰው።

አሁን እናወዳድር። 100 ግራም አቮካዶ በተፈጥሮው ከ1 ግራም ያነሰ ስኳር ነው ያለው። ያም ማለት አቮካዶ ጁስ ጣፋጭ ከሆነ ጣዕሙ በሞላ ከጆጉ የመጣ ነው። 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር የገባበት አንድ ብርጭቆ 36 ግራም ይሆናል። ከተራው ኮላ ጋር አስተያዩት፦ 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 32 ግራም አካባቢ ይይዛል። ለስላሳ ሸሽቶ የመጣ ሰው ከሸሸው በላይ ጠጣ ማለት ነው። በሌላ በኩል አቮካዶ ስኳር ካልገባበት ከጁስ ቤቱ ሁሉ የተሻለው ነው፦ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ቅባቱ ጥሩ ቅባት ነው፣ ለረጅም ሰዓት ያጠግባል። ስለዚህ አቮካዶ ከሁሉ የከፋውም ከሁሉ የተሻለውም ትእዛዝ ነው፣ እንደ አፋችሁ።

ማንጎ ሌላ ነው። 100 ግራሙ ውስጥ 14 ግራም ገደማ የራሱ ስኳር አለው፤ አንድ ብርጭቆ ለመሙላት 200 ግራም ሥጋው ቢፈጭ 28 ግራም ደረሰ፣ ገና ማንም ሳይነካው። የበሰለ ማንጎ ላይ ስኳር መጨመር ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ፓፓያ 8 ግራም አካባቢ፣ ሀብሐብ 6 ግራም አካባቢ ስለሆኑ ያለ ስኳር ከታዘዙ ቀለል ይላሉ።

ስፕሪስ ውበቱ በንብርብሩ ነው፣ ጣጣውም በዚያው። አቮካዶው ለብቻ ይፈጫል፣ ማንጎው ለብቻ፣ ፓፓያው ለብቻ፤ ለእያንዳንዱ ከጆጉ ከፈሰሰ ስኳሩም ንብርብር ነው። ስፕሪስ ያለ ስኳር ማዘዝ ከፈለጋችሁ ገና ሲጀመር ተናገሩ፤ ብዙ ቤት የአቮካዶውን ንብርብር ጠዋት አጣፍጦ ፍሪጅ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ ዘግይታችሁ ብትናገሩ የሚቀረው የላይኛው ብቻ ነው።

«ፍሬው ቢፈጭም ቃጫው አብሮ አለ፣ አልተጣለም» የሚል ክርክር አለ። ግማሽ እውነት ነው። ከተጣራ ብርቱካን ጭማቂ የተፈጨ ፓፓያ ይሻላል። ግን ሦስት ማንጎ ተቀምጦ ለመብላት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሆድም መሃል ላይ በቃ ይላል፤ ተፈጭቶ በብርጭቆ ሲመጣ ግን ወሬ ሳይጀመር አለቀ። የእንግሊዝ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የተፈጨና የተጨመቀ ፍራፍሬን ስኳር ከነጻ ስኳር ጋር የሚደምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ተቆራርጦ በሳህን የሚቀርብ ፍራፍሬ ካለ፣ ላዩ ላይ ሽሮፕ ሳይፈስበት፣ ሁሌም እሱ ይቅደም።

ትእዛዙን እንዴት እንደምታሰሙም ይወስናል። ይህን ያልሰማ ጎንደሬ ያለ አይመስለኝም፦

«እታለም፣ ስኳር አታድርጊበት።»
«እሺ፣ ትንሽ ብቻ ነው የማደርገው።»
«የለም፣ ጭራሽ አይንካው።»
«ኧረ አይጣፍጥም!»

ልጅቷ ክፋት የለባትም፤ ያልጣፈጠ ጁስ ተመላሽ እንዳይሆንባት ነው። ለዚህ የሚሠራው «ስኳሩን ለብቻው በሲኒ አምጪልኝ» ማለት ነው። እሷም ትረጋጋለች፣ እናንተም የምትጨምሩትን ታያላችሁ። ስኳሩን ሳትጨምሩ የምትቀምሱት ሁለት ጉንጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲኒው ሳይነካ እንዲመለስ ያደርጋሉ።

የጾም ማለት ጤናማ ማለት አይደለም

ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የከተማችን ሜኑ ይገለበጣል። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ይወጣሉ። በቦታቸው ምን ገባ? ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት ከሆነ፣ ከየትኛውም ፈጣን ምግብ ጋር ለውድድር አላቀርበውም፤ ይበልጣል። ነገር ግን ካፌው ውስጥ የገባው ሌላ ነው፦ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ በዘይት የራሰ ድንች ጥብስ፣ ከጎኑ ጁስ።

የጾም ኬክ ያጣው ወተትና እንቁላሉን ነው፣ ስኳሩን አይደለም። ለስላሳነቱን ለመተካት ዘይት ወይም ማርጋሪን ይገባበታል፤ ማርጋሪኑ በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዓይነት ከሆነ ልብን የሚጎዳው ትራንስ ፋት የሚባል ቅባት አለበት፣ ያ ደግሞ ከቅቤውም ይብሳል። ከጾም ኬክና ከተራ ኬክ አንዱን በጤና ስም መምረጥ ትርጉም የለውም። በሃይማኖት ምክንያት የምትመርጡት ከሆነ ኬክ መሆኑን አውቃችሁ ብሉት።

የጾም በርገር ግን ሊደነቅ ይችላል፣ መሃሉ ምን እንደሆነ ከተጠየቀ። የተቀቀለ ባቄላ፣ ሽንብራ ወይም ምስር ተፈጭቶ የተጠበሰ ከሆነ በፕሮቲንም በቃጫም ጥሩ ነው። ድንች በዱቄት ከሆነ፣ ዳቦ በዳቦ መሃል እየበላችሁ ነው። ጥያቄው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አስተናጋጁ ካላወቀ ኩሽና ደረስ ብሎ ይመለሳል።

በዚህ ወቅት ከሁሉም በላይ የምመክረው ግን ጠዋት ፉል ቤት ያለው ፉል ነው። ባቄላ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፤ በጾም ቀን ያለ እንቁላልና ያለ እርጎ ይመጣል። ዘይቱን ቀንሱልኝ በሉ፣ ስኳር ከየትም አይገባበትም። እሱም እኮ ፈጣን ምግብ ነው፤ ከበርገሩ ቀድሞ ይደርሳል።

ዳቦው

እ.ኤ.አ. በ2020 የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የሚገርም ክርክር ወስኖ ነበር። የአሜሪካው ሳንድዊች ቤት የሰብዌይ ዳቦ ለታክስ ሲባል ዳቦ ነው ወይስ አይደለም? በአገሪቱ ሕግ ዳቦ ለመባል ስኳሩ ከዱቄቱ ክብደት 2 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ የሰብዌይ ዳቦ 10 በመቶ ነበረው። አይደለም ተባለ። ያ ድርጅት ራሱን «ትኩስና ጤናማ» ብሎ ሲያስተዋውቅ የኖረ ነው።

የኛ ተራ የዳቦ ቤት ዳቦ በዚህ አይታማም፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው ነው። የሚታማው ላዩ የሚያብለጨልጨው፣ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳው የበርገር ዳቦ ነው፤ እሱ ላይ ስኳርና ዘይት ይገባል። ሳንድዊቹን «በተራ ዳቦ አድርግልኝ» ማለት ይቻላል፣ ዋጋም አይጨምርም።

ቡናማውስ? ቡናማነት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ፉርኖ ዱቄት ላይ ጥቂት ፉርሽካ በትኖ፣ ወይም በካራሜል አቅልሞ ቡናማ ማድረግ ይቻላል። ሙሉ ስንዴ የሆነው በእጅ ሲይዙት ከበድ ይላል፣ ሲቆርሱት ፍርፋሪው ሻካራ ነው፣ ቅንጣቱ ይታያል። ዳቦ ቤቱን «ዱቄቱ ሙሉ ስንዴ ነው ወይስ ፉርሽካ የተጨመረበት ፉርኖ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በቤት የተጋገረ የገብስ ወይም የስንዴ ድፎ ያለው ሰው ግን ይህን አንቀጽ ባያነበውም ይቀርለታል።

እርጎ፣ ኮርንፍሌክስና አጃ

ጣዕም ያልተጨመረበት እርጎ በ100 ግራም ከ4 እስከ 5 ግራም የወተት ስኳር አለው። ይህ በተፈጥሮ ያለ ነው፣ አያሳስብም። እንጆሪ ወይም ሙዝ የተሳለበትን ዕቃ ስታነሱ ጀርባው 13 ግራም ካለ፣ 5ቱን ቀንሱ፤ የቀረው 8 የተጨመረ ነው። ዕቃው 200 ግራም ከሆነ 16 ግራም፣ 4 የሻይ ማንኪያ። «ዝቅተኛ ቅባት» የሚለውን ጽሑፍ ደግሞ ተጠንቀቁት፤ ቅባቱ ሲወጣ ጣዕሙም አብሮ ስለሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ ቦታውን ስኳርና ማወፈሪያ ስታርች ይይዙታል። ከገጠር የመጣው ጎምዛዛ እርጎ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ ስኳር ሳይነሰነስበት። ሚጥሚጣ ለሚወድ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ።

ኮርንፍሌክስ ሁለት ዓይነት ነው። ያልተቀባው በ100 ግራም 8 ግራም ገደማ ስኳር ሲይዝ፣ በስኳር ወይም በማር የተለበጠው ከ35 ግራም ያልፋል። ሁለቱም ካርቶን ላይ የሚስቅ ሥዕልና የቪታሚን ዝርዝር አለ።

በውጭ አገር ያለው ጉድ ለንጽጽር ይጠቅማል፦ የማክዶናልድስ ፍራፍሬ ያለበት የአጃ ገንፎ በአንድ ሳህን 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዞ ነው በጤናማ ቁርስነት የሚሸጠው። አጃው ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ላዩ ላይ በተደረገው ነው። እኛ ጋ አጃ ቅዳሜ ገበያ በኪሎ ይገኛል፤ ቆልተን አስፈጭተን አጥሚት የምንሠራበት ያው እህል ነው፣ በሚያምር ዕቃ ታሽጎ ጣዕም ተጨምሮበት ከባሕር ማዶ ሲመጣ ብቻ ነው ዋጋውም ስኳሩም የሚንረው። በሶም እንዲሁ ነው። ገብሱ ደህና፣ ብጥብጡ ግን ካፌ ሲገባ ስኳርና ለውዝ ተጨምሮበት ወፍራም ጣፋጭ ይሆናል። «በጨው» ብላችሁ እዘዙ፣ ወይም ቅንጬ ካለ ቅንጬ።

ከጠርሙሱ ረድፍ

አልኮል አልባ ማልት «ለደም ጥሩ ነው»፣ «ለአራስ ጥሩ ነው» እየተባለ ይጠጣል። ቪታሚን ቢ ሊኖረው ይችላል። ጀርባውን ስታዩት ግን ስኳሩ አብዛኛውን ጊዜ ከለስላሳው ጎረቤት ነው። ልጅ ሲታመም ይዞ የሚመጣ ዘመድ ማልት ከሚያመጣ ብርቱካን ቢያመጣ እመርጣለሁ፣ ለመናገር ግን ይከብዳል።

በካርቶን የታሸገ «የማንጎ መጠጥ» ደግሞ ጭማቂ አይደለም። ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቅንብር በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙው ይቀድማል። «ውኃ፣ ስኳር፣ የማንጎ ልብ…» ብሎ ከጀመረ፣ የስኳር ውኃ ላይ ማንጎ ተነካክቷል ማለት ነው። ብልጠቱ ስኳሩን ከፋፍሎ መጻፍ ነው፦ ግሉኮስ ሲረፕ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ ኢንቨርት ሹገር፣ የተጠናከረ የፍራፍሬ ጭማቂ። አንድ ላይ ቢጻፉ ከፊት ይሰለፉ ነበር፤ ተበታትነው ግን እያንዳንዳቸው ወደ መሃል ይወርዳሉ።

እንግሊዞች ለሸማቹ ያወጡት የቀለም መለኪያ ለኛም ይሠራል። ጠጣር ምግብ በ100 ግራም ውስጥ ስኳሩ 5 ግራምና ከዚያ በታች ከሆነ አረንጓዴ፣ ከ22.5 ግራም በላይ ከሆነ ቀይ ነው። መጠጥ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር 2.5 ግራምና ከዚያ በታች አረንጓዴ፣ ከ11.25 በላይ ቀይ። ሁሌም ከ100 አንጻር ያለውን አምድ አንብቡ። «በአንድ ድርሻ» የሚለው አምድ አታላይ ነው፤ ድርሻውን የሚወስነው አምራቹ ነው፣ ማንም ግማሽ ፓኬት በልቶ ቀሪውን አያስቀምጥም።

ስኳር አልባው ኮላስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች እንዳይወሰዱ መክሯል። በሐምሌ ደግሞ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚለው ምድብ ከተተው። ብዙ ሰው የሰማው ይህንን ብቻ ነው። በዚያው ቀን የምግብ ተጨማሪዎችን የሚገመግመው የባለሙያዎች ኮሚቴ ግን የቀድሞውን ልክ፣ በኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም በቀን፣ አልለወጠም፤ ለአንድ አዋቂ ያ በቀን ከ9 ጣሳ በላይ መጠጣት ነው። የኔ ፍርድ፦ በየቀኑ ሁለት ኮላ ለሚጠጣ ሰው ስኳር አልባው መሸጋገሪያ ሊሆነው ይችላል፤ ጋዝ ያለው ማዕድን ውኃ በሎሚ ግን መድረሻው ነው። ጣፋጭ ያልለመደ ሰው ደግሞ በስኳር አልባው መጀመር የለበትም።

ማባያው

ሳንድዊች ቤት ውስጥ ስኳሩ ከዳቦው ይልቅ በጠርሙሱ ነው የሚቀመጠው። ካቻፕ ሩብ ያህሉ ስኳር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 4 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ድንች ጥብስ በካቻፕ የሚበላ ልጅ ሦስት አራቱን ሳይቆጥር ያልፋል። ጣፋጭ ቺሊ የሚባለው ይብሳል። ማዮኔዝ ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ነገሩ ዘይት ነው፤ ሰላጣ ላይ የሚፈሰው ነጭ ማጣፈጫ ደግሞ ሁለቱንም ይይዛል። «ሰላጣ ነው ያዘዝኩት» ብሎ መጽናናት በዚህ ይበላሻል፤ ማጣፈጫውን ለብቻ አስመጡት።

ለኛ ሰው ይህ ከባድ ችግር መሆን አልነበረበትም። አዋዜ አለ፣ ዳጣ አለ፣ ሰናፍጭ አለ። ሰናፍጭ ከካቻፕ ጋር ለማወዳደር እንኳ ያሳፍራል። በርገር ቤቱ ከሌለው ጠይቁ፤ ለሠራተኞቹ ምሳ ኩሽና ውስጥ አይጠፋም።

አሁን ወደ «ኬሚካሉ»

ማሸጊያ ላይ ኢ የሚል ፊደልና ቁጥር፣ ማለትም የምግብ ተጨማሪዎች መለያ፣ ሲታይ መደንገጥ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ የሚያስደነግጡ አይደሉም። ኢ300 ቪታሚን ሲ ነው። ኢ330 ሲትሪክ አሲድ፣ በሎሚ ውስጥ ያለው። ኢ412 ከጓር ፍሬ የሚገኝ ማወፈሪያ ነው። ኢ202 ሻጋታ የሚከላከል ማቆያ ነው። እነዚህን አይቶ ዕቃ መመለስ ጉልበት መጨረስ ነው።

ቆም ብዬ የማያቸው ጥቂት ናቸው። ኢ102 እና ኢ110 ቢጫና ብርቱካናማ ማቅለሚያዎች ናቸው፤ በዱቄት ጁስና በልጆች ከረሜላ ይገኛሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እነዚህና መሰሎቻቸው ያሉበት ምግብ «የልጆችን እንቅስቃሴና ትኩረት ሊጎዳ ይችላል» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ያስገድዳል። ኢ250 ሞርታዴላና ቋሊማን ቀይ አድርጎ የሚያቆየው ናይትራይት ነው። የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2015 በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምድብ አስገብቶታል፤ ስለዚህ ክለብ ሳንድዊች ስታዙ ከሞርታዴላው ይልቅ እንቁላል፣ ዶሮ ወይም ቱና ምረጡ። ሦስተኛው ዳቦ ላይ የሚጨመረው የዱቄት ማሻሻያ፣ ፖታሲየም ብሮሜት ነው። በአውሮፓ ኅብረት፣ በናይጄሪያና እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሕንድ ተከልክሏል። ዳቦ ቤት ማሸጊያ ስለሌለው የሚገኘው ምላሽ ማሻሻያው ከመጣበት ከረጢት ላይ ብቻ ነው፤ ደንበኛ ከሆናችሁ አሳዩኝ ማለት ትችላላችሁ።

የማጣፈጫ ኩብስ? ውስጡ ያለው ኢ621፣ ኤምኤስጂ የሚባለው ጣዕም ማጉያ፣ ስሙ የጠፋውን ያህል ጥፋት የለበትም። የሚያሳስበው ጨው ነው፤ የኩቡ ግማሽ ገደማ ጨው ነው፣ የቀን ልኩ ደግሞ ከ5 ግራም በታች። «የአትክልት ፓስታ» ያዘዘ ሰው ጣዕሙ ከአትክልቱ በላይ ከሆነበት ምክንያቱ እሱ ነው።

የስኳር በሽታ ክትትል ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ፣ ከላይ ያለውን ይዛችሁ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትቁረጡ፤ በተለይ በጾም ወቅት ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ይሁን ጤና ጣቢያ፣ የሚከታተላችሁን ሐኪም አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

ለልጅ ምሳ ዕቃ

ጠዋት ተቻኩሎ የሚያዝ ነገር ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። ብስኩትና በካርቶን የታሸገ መጠጥ ተደምረው የልጁን የቀን ልክ ከአንደኛው የእረፍት ደወል በፊት ሊጨርሱት ይችላሉ፤ የልጅ ልክ ደግሞ ከአዋቂው ያነሰ ነው። በዚያው ዋጋ፣ አንዳንዴም ባነሰ፣ ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል፣ በጾም ቀን ደግሞ ዳቦ በለውዝ ቅቤ ይያዛል። የለውዝ ቅቤውን ስትገዙ ቅንብሩ ለውዝና ጨው ብቻ የሆነውን ፈልጉ፤ ከተቀመጠ በኋላ ዘይቱ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ደህናው ነው፣ ማማሰል ብቻ ነው የሚፈልገው። መጠጡ ውኃ ይሁን። ቆሎም ጥሩ ነው፣ ግን ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስለሚያንቅ ቆሎም ለውዝም ሳይፈጭ አትያዙለት።